ወለተ ጊዮርጊስ የኖረችባት አንድ ቀን

የእህቴ ልጅ ቤዛ ባለፈው ሳምንት ከሥልጠና ስትመለስ እኔ ጋ አደረች። እሷም እንደኔ ነርስ ናት፤ አዲስ አበባ ጨቅላ ሕፃናት ክፍል ትሠራለች። ገና ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ፣ «አክስትዬ፣ ምን እንዳስተማሩን ታውቂያለሽ? የማይተርፍ ሕፃን እንዴት እንደሚሸኝ!» አለችኝ። ሕመሙ እንዴት እንደሚታገስለት፣ እናቱ እንዴት እንደምታቅፈው፣ ለአባት እውነቱ በምን ዓይነት ቃል እንደሚነገር፣ ቄስ ወይም ሼህ መቼ እንደሚጠራ፣ ሁሉንም ተምረዋል። አንዷ ነርስ፣ አንዷ እናት እየሆኑ ሲለማመዱ፣ እናት የሆነችው ልጅ የምሯን አልቅሳ ልምምዱ ተቋረጠ አለችኝ።

«በናንተ ጊዜስ እንዴት ነበር?»

«በኛ ጊዜ ሕፃን አይሞትም ነበር» አልኳትና ሽንኩርቴን ወደ መክተፍ ተመለስኩ።

ሳቀች። ትሳቅ። ሰላሳ ዓመት ቆሜ ያዋለድኩ ሰው ነኝ፤ ጉልበቴ ደረጃ እንቢ ካለኝ ቆይቷል፤ ወሬም እንደ ደረጃ የሚከብድበት ቀን አለ። መንገድ ላይ እናቶች ጎረምሳ እየጎተቱ ያመጡና፣ «ይቺ ናት ያዋለደችህ፣ ሳማት» ይላሉ። ጎረምሳው እያፈረ ይስመኛል፤ እኔም ያስታወስኩት እመስላለሁ። እውነቱን ለመናገር አንዱንም አላስታውስም። የማስታውሳት አንዲት አለች፤ እሷ ደግሞ ከአንድ ቀን በላይ አልኖረችም።

ንጉሡ ከወረዱ ስምንት ወይ ዘጠኝ ዓመት ቢሆነው ነው። እኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ትምህርቴን ጨርሼ የምደባ ዕጣ ሳወጣ ግሼ ደረሰኝ። ጓደኞቼ፣ «ወይኔ! በቃ እዚያው ቀረሽ» ብለው አለቀሱልኝ። ከመሐል ሜዳ ወደ ግሼዋ ከተማ ወደ ራቤል የሚወስደው መንገድ ያኔ መንገድ ለመባል የበቃ አልነበረም። የጭነት መኪና ላይ ከጨው ጆንያ ጋር ተጭኜ፣ ገደሉን ላለማየት ዓይኔን ጨፍኜ ሄድኩ። አጠገቤ የተቀመጡ እናት የገብስ ቆሎ በእፍኛቸው እየሰጡ፣ «ብዪ ልጄ፣ የሚያኝክ ሰው አይፈራም» ይሉኝ ነበር። እውነታቸውን ነው፤ አሁንም ፍርሃት ሲይዘኝ ቆሎ እፈልጋለሁ።

ጤና ጣቢያዋ አራት ክፍል ነበረች። እዚያ የተቀበሉኝ ጋሽ ደምሴ የሚባሉ ሽማግሌ ጤና ረዳት ናቸው። ከንጉሡ ዘመን ጀምሮ ቁስል ሲያጥቡና መርፌ ሲወጉ የኖሩ፣ የድሮ ሰው «ድሬሰር» የሚለው ዓይነት ሰው። ብርዱን አይተው ያንኑ ማታ አንድ የበግ ፀጉር ባና ሰጡኝና፣ «ሲስተር፣ እዚህ አገር ከመድኃኒት በፊት ባና ነው» አሉኝ። እኔ ግን ያኔ ማንም እንዲመክረኝ አልፈልግም ነበር። ከክፍላችን ሁለተኛ ወጥቼ ነው የተመረቅኩት፤ አንደኛዋም ብትሆን ኮርጃ ነው። መጽሐፉን በቃሌ አውቀዋለሁ። የማላውቀው ነገር መኖሩን ነው የማላውቀው።

ቀኑ ጥቅምት ላይ የጊዮርጊስ ዕለት ነበር። ገብስ እየታጨደ ነው፤ ጠዋት ጠዋት ውርጩ ሣሩ ላይ ነጭ ሆኖ ያድራል፤ ፀሐይ ስትወጣ ምድሩ ሁሉ ይጨሳል። በዚያ ውርጭ ውስጥ አንዲት ምጥ የያዛት ሴት በቃሬዛ ተሸክመው አመጡ። የሺ ትባላለች። በዕድሜ ከኔ ብታንስ እንጂ አትበልጥም። ምጡ ከጀመራት ሁለት ቀን አልፎታል። ባሏ ሽፈራው የቃሬዛውን አንድ ጫፍ ይዞ መጥቶ፣ ትከሻው ተልጦ ደም ነክቶት ነበር። የሰፈሯ ሴቶች ደግሞ የገብስ ዱቄትና ቅቤ በቅል ይዘው ተከትለዋል፤ ከወለደች ገንፎው እዚያው ይገነፋላታል ብለው ነው።

ሁለት ሰዓት ሲሆን ወለደች። ሴት ልጅ። ልጅቷ ስትወጣ እንደ እርጥብ ጨርቅ ዝልፍልፍ አለች፤ ድምፅ የለ፣ እንቅስቃሴ የለ። አምቡባጉን፣ አፍና አፍንጫ ላይ ተደፍቶ በእጅ እየተጨመቀ አየር የሚሰጠውን ፊኛ ማለቴ ነው፣ ደፋሁባትና መጭመቅ ጀመርኩ። ስንት ጊዜ እንደጨመቅኩ እንጃ፤ እጄ ሊዝል ሲል አንዴ ሳብ አድርጋ ተነፈሰች። ከዚያ ደግማ። ደስታዬን እንዴት ልንገራችሁ! በሩን ከፍቼ፣ «ሴት ናት! ደህና ናት! እንኳን ማርያም ማረቻችሁ!» አልኩ። ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት። ወዲያው ግቢው ጥግ ላይ ሦስት ድንጋይ ጎልተው እሳት አያያዙ፤ ገንፎው ተጣደ።

እኔ ግን ተመልሼ ሳያት ደህና አልነበረችም። አታለቅስም፤ ታቃስታለች። አፏ ላይ ጣቴን ባደርግ አትጠባም። ጥቂት ቆይቶ እግሮቿ አየር ላይ እንደሚራመድ ሰው ይላወሱ ጀመር። መጽሐፉ ይህን ያውቀዋል፤ እኔም መጽሐፉን አውቀዋለሁ። በምጡ ብዛት አየር አጥሯት አንጎሏ ተጎድቷል። ወደ ደብረ ብርሃን እንዳልልካት መኪናው የሚመጣው በማግስቱ ነው፤ ቢመጣም ያንን መንገድ አትችለውም።

እሷን ይዤ ከእናቷ ክፍል ቀጥሎ ባለችው መርፌ መውጊያ ክፍል ገባሁ። ቡታጋዝ ለኮስኩ፤ ጠረጴዛው ላይ አስተኛኋትና ግሉኮስ ልሰጣት የደም ሥር መፈለግ ጀመርኩ። የጨቅላ ሥር እንደ ክር ነው። አንድ እጇን ወጋሁ፤ ጠፋ። ሌላውን ወጋሁ። ወደ እግሯ ሄድኩ።

በግድግዳው ማዶ የሺ ትጣራለች። «ሲስተር፣ ልጄን ስጪኝ።»

«ቆይ የሺዬ፣ መድኃኒት እየሰጠኋት ነው። አይዞሽ፣ ይሻላታል።»

ይህ ሦስት ሰዓት ላይ ነው። አምስት ሰዓት ላይም እንዲሁ አለችኝ፤ እንዲሁ አልኳት። ከሰዓትም ደገመችኝ። ብዙ ደም ፈስሷት ስለነበር ተነሥታ መምጣት አትችልም። ሊመጡ የፈለጉትን ሴቶች ደግሞ፣ «ጀርም ይዛችሁ አትግቡ» ብዬ ከበሩ መለስኳቸው።

ስድስት ሰዓት ገደማ ሽፈራው በሩ ላይ ቆመ። ባርኔጣውን አውልቆ በሁለት እጁ ይዟል።

«ሲስተር፣ እኔ ገበሬ ነኝ፤ የሚያድግና የማያድግ ጥጃ ድምፁን ሰምቼ እለያለሁ። የልጄ ድምፅ አላማረኝም። የማትሆን ከሆነች አትደብቂኝ፤ መምሬ ጋ ልሂድ። ሳትጠመቅ እንዳትቀርብኝ።»

ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሣው በሰማንያ ቀኗ ነው። ክፉ ነገር ከመጣ ግን ቄስ ተጠርቶ ቀኗ ሳይደርስ ትጠመቃለች። ሳትጠመቅ ከሞተች ፍትሐት የለም፤ ቤተ ክርስቲያን ግቢም አትቀበርም፤ ከአጥር ውጭ ነው። ለነዚያ ሰዎች ይህ ከሞቱ የባሰ ሞት ነው። እኔም የክርስቲያን ልጅ ነኝ፤ አጥቼው አይደለም። ሽፈራው ከዚያች ቀን የሚፈልገው ይህንኑ ብቻ ነበር፤ የሺ ደግሞ ልጇን ማቀፍ። ሁለቱም በኔ አንዲት የእውነት ቃል ይሆኑ ነበር።

እኔ ምን አልኩ? «ሐኪም እያለ ቄስ ይቀድማል እንዴ? ተስፋ መቁረጥ ምን ይባላል! ትድናለች አልኩህ እኮ!»

ከአፌ እንዴት እንደወጣ ዛሬም ይገርመኛል። ክፋት አልነበረም፤ ፍርሃት ነው። ያስተማሩን ሕፃን እንዴት እንደሚተርፍ ነው። ስለ ሞት የተነገረን ሰዓቱን መዝገብ ላይ እንድንጽፍ ብቻ ነበር። እንደማትተርፍ ካወቅሽበት ሰዓት እስከምትሞትበት ሰዓት ያለውን ምን ትሠሪዋለሽ ያለኝ መምህር የለም። «ትሞታለች» ብል እኔ የገደልኳት ይመስለኝ ነበር። ሽፈራው ደግሞ ሐኪም ናት ብሎ አመነኝ። «እሺ፣ እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ባርኔጣውን ደፍቶ ወደ ሴቶቹ ሄደ። የሳቅ ድምፅ ሁሉ ሰማሁ፤ ለልጅቷ ስም እያወጡላት ነበር።

ጋሽ ደምሴ ጥግ ላይ ቆመው ሁሉን ሰምተዋል። መጥተው አጠገቤ ቆሙና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ልጄ፣ የኛ መድኃኒት አልቋል። የቀረን እናትየዋ ናት። ስጫት ትቀፋት። ሰውዬውንም አትያዢው፣ ይሂድ» አሉኝ።

«እዚያ ይበርዳታል!»

«የእናት ብብት ከዚህ ቡታጋዝ ይብሳል?»

«ጋሽ ደምሴ፣ እርስዎ ድሬሰር ነዎት። ይህ የሚመለከተው እኔን ነው።»

አፌ ቁርጥ ይበል! የአባቴ እኩያ ናቸው። የፈላውን መርፌ በመቆንጠጫ አውጥተው ጨርቅ ላይ ደረደሩልኝና ወጡ። እኔም ያንኑ መርፌ አንሥቼ ሥር ፍለጋዬን ቀጠልኩ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይባል የለ? እኔ ነኝ።

ዘጠኝ ሰዓት ሲያልፍ ትንፋሿ እየራቀ መጣ። አንዴ ትስብና ዝም ትላለች፤ አለቀላት ስል ትመለሳለች። ያኔ ነው ወኔዬ የከዳኝ። ወደ ግቢው ወጣሁ። ሽፈራው ከነሴቶቹ እሳቱ ዳር ተቀምጧል፤ አንዷ ገንፎውን በማማሰያ እየመታች ነው፤ ቅቤው ሸትቶኛል።

«ሽፈራው፣ ሂድ። መምሬን ጥራ» አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። «ትድናለች አላልሽኝም?» ቢለኝ በተሻለ። ጋቢውን ጥሎ ሮጠ። ቤተ ክርስቲያኑ ከሸለቆው ማዶ ነው፤ ወርዶ መውጣት አለ። ሴትየዋ ማማሰያውን እንደያዘች ቀረች፤ ገንፎው ከሥሩ ማረር ጀመረ፤ ማንም አላወረደው።

ተመልሼ ገባሁ፤ አምቡባጉን ደፍቼ ጨመቅኩ። ጨመቅኩ። ማዳመጫዬን ደረቷ ላይ አደረግሁ። ልቧ ራቅ ብሎ ይሰማ ነበር። ቆይቼ ሳዳምጥ ምንም የለም። ቦታ ቀየርኩ፤ የለም። ቀና ስል ጋሽ ደምሴ በሩ ላይ ናቸው። ተያየን። ወዲያው ከውጭ ሴቶቹ፣ «መጡ! መጡ! መምሬ መጡ!» አሉ።

ምን ላድርግ? «ዘግይታችኋል» ልበላቸው? ያዘገየኋቸው እኔ! እጄ ራሱ ያውቃል እንዴ? መጭመቁን ቀጠለ። ፊኛውን በጨመቅኩት ቁጥር ያ ትንሽ ደረት ይነሣል፤ ስለቀው ይወርዳል። ያየ ሰው ሁሉ ትተነፍሳለች ይላል። ጋሽ ደምሴ በሩን ወለል አድርገው ከፈቱልኝ።

መምሬ አጥላው ላብ በላብ ሆነዋል፤ ጠበሉን በጠርሙስ ይዘዋል። «አራስ ካለችበት አልገባም፤ ወደ በረንዳው አምጧት» አሉ። በባናዬ ጠቅልዬ በግራ እጄ ታቅፌ፣ በቀኝ እጄ እየጨመቅኩ ወጣሁ። ሽፈራው ገና ትንፋሹ አልተመለሰም።

«ክርስትና የምታነሣት ማን ናት?» አሉ መምሬ። ሴቶቹ እርስ በርስ ሲተያዩ የሺ ከውስጥ በደከመ ድምፅ፣ «ሲስተር ታንሣልኝ» አለች።

«አንቺ ነሽ ያዋለድሻት?» አሉኝ መምሬ።

«አዎ።»

ያዋለደች ሴት እስከ ቀኗ ቤተ ክርስቲያን አትገባም ይላሉ፤ በዚህ ሒሳብ እኔ ዕድሜ ልኬን ከደጅ የምቀር ሰው ነኝ። መምሬ ትንሽ አሰቡ። «ይሁን። የችግርን እግዚአብሔር ያውቃል። ያንን ነገር ከፊቷ አንሽው።»

አነሣሁት። ውሃውን ሦስት ጊዜ አፈሰሱባት። «ወለተ ጊዮርጊስ፣ አጠምቀኪ በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ።» ማተቧን ሲያስሩላት ጣታቸው አንገቷ ላይ ቆየ። ቀና ብለው አዩኝ። አወቁ ይሆን? እስከ ዛሬ አልገባኝም። ዓይኔን ሰበርኩ። እኔም ቶሎ ብዬ ፊኛውን መልሼ ደፋሁባት፤ ደረቷ ተነሣ፤ ሽፈራው መሬቱ ላይ ተደፍቶ መሬቱን ሳመ። «ተመስገን፣ ተመስገን ጊዮርጊስ» ይላል።

ጋሽ ደምሴ ከኋላዬ እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አድርገው፣ «በቃ ሲስተር» አሉ። ቆምኩ። ገብቼ ለየሺ ሰጠኋት። «አሁን ዐረፈች» አልኳት። ያኔ ነው ያቀፈቻት።

ከዚያ በኋላ ያለው ለቅሶ ነው። ከዚህ ሁሉ አንጀቴን የበላው ግን አንዷ ሴት ከሥሩ ካረረው ገንፎ ከላይ ከላዩን በሣህን አድርጋ ይዛልኝ መምጣቷ ነው። «እንደው ብዪ ሲስተር፤ ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመስሽም። ስትለፊ ዋልሽልን» አለችኝ። በላሁት። ርቦኝ ነበር፤ ጨርሼ በላሁት። ወለተ ጊዮርጊስ በማግስቱ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ተቀበረች፤ ሽፈራው ከቀብር መልስ መጥቶ እጄን ሳመኝ።

ከዓመት በኋላ ወደ መሐል ሜዳ ተዛወርኩ። ያንን ነገር ለማንም አልተናገርኩም፤ ለንስሐ አባቴ እንኳ ሌላ ሌላውን እየተናዘዝኩ ያንን ዘለልኩት። በሞተች ልጅ ላይ ቄስ አሳስቼ ጥምቀት አስፈጽሜያለሁ፤ ኃጢአቴ ይሄ ነው፣ የሚያስጠይቀኝም ይሄ ነው እያልኩ አምስት ዓመት ኖርኩ። ከግሼ የመጣ ሰው ባየሁ ቁጥር መንገድ እቀይራለሁ።

አንድ ቅዳሜ ገበያ ውስጥ፣ «አበልጄ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። የልጅ ወላጅና ክርስትና ያነሣችው ሰው የሚጠራሩበት ስም ነው። እኔን አበልጄ ብሎ የሚጠራ በዓለም ላይ ሁለት ሰው ብቻ ነው ያለው። ዞር ስል የሺ ናት፤ ባና ልትሸጥ መጥታ። ፊቷ ጠቁሮ፣ ግን ሙሉ ሴት ሆናለች። አንድ ወንድ ልጅ አዝላለች። ተሳሳምን፤ አንገቴን ይዛ አልለቅ አለች። ግድግዳ ሥር ከጥላው ተቀመጥን። ጠላ ገዛሁላት። እኔ ልሸሽ አስባለሁ፤ እሷ ትጫወታለች። በመሐል፣ ምንም ሳላነሣባት፣

«ስትሰጪኝ እኮ ቀዝቅዛ ነበር» አለችኝ።

የጠላዬን ጣሳ መሬት ላይ አስቀመጥኩ።

«ከመምሬ በፊት እንደሄደች ያን ጊዜውኑ ገብቶኛል። የወለደ አካል አይሳሳትም። ዝም ያልኩት ለሽፈራው ብዬ ነው፤ ቢያውቅ አብሯት ይሞት ነበር። ጊዮርጊስ ከሆነ ያውቃታል። እሱን አልተቀየምኩሽም፤ እንዲያውም፣ ማርያምን፣ መርቄሻለሁ።»

አለቀስኩ። አምስት ዓመት የተሸከምኩት ሸክም ገበያ መሐል ወረደልኝ ብዬ ነው ያለቀስኩት። ሞኝ! ገና አልጨረሰችም።

«ብቻ፣ አበልጄ» አለች ልጇን ከጀርባዋ ወደ ጭኗ እያወረደች፣ «ጠዋት ነው የወለድኳት። እስከ አሥር ሰዓት ነበረች። በግድግዳው ማዶ ድምፅዋን ስሰማ ነው የዋልኩት፤ እንደ ግልገል ነበር። ስጪኝ ብልሽ፣ ብልሽ፣ እምቢ አልሽ። እኔ ጋ ስትመጣ ዓይኗ ተከድኗል። ምን ዓይነት ዓይን ነበራት?»

የሚያምር ነበር፣ ያንቺን ይመስላል ማለት እችል ነበር። አፌ ላይ መጥቶ ነበር። ግን የዋሸኋት ይበቃ ነበር።

«አላየሁትም የሺ» አልኳት። «ቀኑን ሙሉ የማየው እጇንና እግሯን ነበር። መርፌ የምወጋበትን።»

ልጁ ጣቷን ይዞ ይጎትታል።

«እንግዲያስ ማንም አላያትም» አለች።

ይቅር በይኝ አልኳት። «ይቅር ለእግዜር» አለች፤ ከልቧ ነበር፣ አውቃለሁ። ባናዋን ሸጣ በማግስቱ አገሯ ገባች።

ከዚያ በኋላ በእጄ ያለፉ የማይተርፉ ሕፃናት ብዙ ናቸው። አስቀድሜ ለእናታቸው እሰጣለሁ፤ ከዚያ አባትየውን ወደ ጎን ጠርቼ፣ «አትሆንም፣ የምትጠራው ሰው ካለ ጥራ» እላለሁ። ድምፄ ይንቀጠቀጣል፤ ይህን ሁሉ ዓመት አልተወኝም። አንዳንዱ ይሰድበኛል፤ ይስደበኝ። እናትየዋ ሕፃኑን ስታይ እኔም አብሬ አያለሁ፤ ግንባሩን፣ አፉን፣ ሁሉንም። አንድን ሰው ለማየት ብዙ ጊዜ የሚፈጅ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ቀላል ነው።

አሁን አርጅቻለሁ። የጊዮርጊስ ዕለት ጧፍ አበራላታለሁ፣ የክርስትና ልጄ ናት። ጧፉ ፊት ቆሜ ላስባት እሞክራለሁ፤ ሌላው ሰው የሞተበትን ሲያስብ መልክ ይመጣለታል። ለኔ የሚመጣልኝ የተበሳሳ ትንሽ እጅ ብቻ ነው።